አዲሱ ማጫወቻ ያሳየኝ ሠርግ

ጥቅምት 3

ዲቪዲ ማጫወቻው ሞተ። ያውም ዲስኬን እንደ ዋጠ። ስከፍተው ይንጫጫል፣ ስዘጋው ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም። የሪሞቱን ባትሪ ባገላብጥ፣ ጀርባውን በጥፊ ብለው… ወይ ፍንክች።

ባሌ ከሶፋው ሳይነሳ «እሰይ፣ ተገላገልን» አለ።

«ከምኑ?»

«ከዚህ ቅርስ። በዚህ ዘመን ዲስክ ማን ያያል? አንዲት ትንሽ ሳጥን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ትሰኪያለሽ፣ ኢንተርኔቱ ያመጣልሻል። ፊልም በይ፣ ኳስ በይ…»

«የሠርጋችንን ቪዲዮስ ኢንተርኔቱ ያመጣልኛል?»

ጣሪያውን አየ። ሠርጉን ካነሳሁበት ሁሌም ጣሪያውን ነው የሚያየው። ስልሳ ጊዜ አሳይቼዋለሁ፣ ምስኪን።

እኔ እኮ ሠርጉን ብዬ አይደለም። አባባን ብዬ ነው። ከሠርጌ በኋላ በሰባተኛው ወር ሞተ፤ ድምፁ የቀረው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ይስቃል፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ። መጋረጃ ስሰፋ ውዬ ወገቤ ሲቆረጥ፣ ያቺን ሳቅ አይቼ እነሳለሁ።

ዲስክ የሚያጫውት ይገዛል። በቃ።

ጥቅምት 5

ባሌ ማሽኑን በመፍቻ ፈታታው። ዲስኩ ወጣ፣ ጭረት እንኳ የለበትም። «ወጣ! ወጣ!» እያልኩ ስጮህ ጎረቤቴ ምን የወጣ መስሏት እንደሆነ እንጃ፣ በሩን ልትሰብረው ነበር።

ጥቅምት 9

ከባሌ ጋር ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። ራሴ ዞረ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ጠፍጣፋ፣ ሁሉም «እኔን ውሰዱ» የሚል።

ሻጩ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እንደ ሐኪም ጀመረን። «መጀመሪያ ምን እንደምታዩ ንገሩኝ።»

ባሌ፣ ኳስና ተከታታይ ፊልም። እኔ፣ ዲስክ። «ስንት ዲስክ አለዎት?» አለኝ። «የማየው አንድ ነው» አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር… አልሳቀም።

የመጀመሪያዋ ሳሙና የምታክል ሳጥን ናት። የኢንተርኔቱን ሁሉ ታሳያለች፣ ዲስክ የሚገባበት አፍ ግን የላትም። ሁለተኛው «ሁለቱንም እችላለሁ» የሚል ነው። «ዲስኩን ጥሩ አድርጎ ያጫውታል» አለ ሻጩ፣ «የኢንተርኔቱ ነገር ግን… በሁለት በሦስት ዓመት መተግበሪያዎቹ ያረጁና ሠሪው ማደሱን ይተዋል። ውጪው ጎረምሳ፣ ውስጡ ጡረተኛ ይሆናል። እኔ ብሆን ለየብቻ ነው የምገዛው። የተጋቡ ዕቃዎች አንዱ ሲታመም ሁለቱም ይተኛሉ።»

ባሌ እኔን አየኝ። እኔም እሱን። ሳቃችን አመለጠን።

ስንወጣ ጠራኝ። «እትዬ፣ እኛ እዚህ በምናሳየው ዲስክ አይወስኑ። እሱ ለማማለል የተሠራ ነው። የራስዎን ይዘው ይምጡና በሱ እንሞክረው። ማጫወቻ የሚፈተነው በአሮጌ ዲስክ ነው።»

ደግ ሰው።

ጥቅምት 11

ከየት ልጀምር?

ባሌ ሥራ ላይ ነበር፣ ብቻዬን ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ማጫወቻዎች ከአንድ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ጠበቀኝ። የቤታችንን በር የሚያክል ቴሌቪዥን። በመጀመሪያው ሲያጫውተው ፊቴ ጠርዙ እንደ ተተለተለ ጨርቅ ነው። በሁለተኛው… ጥርት! የቬሎዬን ስፌት ልቆጥረው ምንም አልቀረኝ።

ግን በግራ በኩል የማላውቀው በር አየሁ። «ይኼ በር እኮ ቤት ሳየው የለም» አልኩት።

«ነበረ፣ ተቆርጦብዎት ነው። ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ዳር ዳር ይበሉታል፣ በአራቱም በኩል። ይኼኛው ሙሉውን ነው የሚያሳየው።»

ሙሉውን…

እኔ ከአባባ ጋር እየጨፈርኩ ነው። በሩ ተከፈተ። አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል። የኮቱ እጅጌ ከእጁ አንጓ በላይ ቀርቷል።

ሽቦ።

ወንድሜ ነው። ታላቄ። ከልጅነቱ ጀምሮ ለቅጥነቱ «ሽቦ» ነው የምንለው። በሠርጌ ቀን አልመጣም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የማውቀው ይህንን ነው! እታለም፣ እናታችን ስትሞት ያሳደገችን ትልቋ እህታችን፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ «አይመጣም፣ አትጠብቂው» አለችኝ። አልቅሼ ኩሌ ፈስሶ እንደገና ነው የተኳልኩት። በወሩ ደወለ። «ለሠርጌ ያልመጣ ለቀብሬም አይምጣ» ብዬ ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ፣ ደግሜ ዘጋሁ። በአባባ ቀብር ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ፊቴን አዞርኩበት።

ይኸው በሩ ላይ ቆሟል!

ከፊቱ እታለም አለች። መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ ታናግረዋለች። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። የሆነ ነገር ተናገረ። ዞረ። ሄደ። አሥራ አንድ ሰከንድ።

«ድገመው» አልኩት ሻጩን። ደገመው። ስንት ጊዜ እንዳስደገምኩት አላውቅም። ወንበር አመጣልኝ፣ ውሃ አመጣልኝ።

«ማጫወቻው ችግር አለበት እንዴ እትዬ?»

«የለበትም» አልኩት። «እሱ ምንም የለበትም።»

ጥቅምት 12

የደንበኛ መጋረጃ ገልብጬ ሰፋሁ። አበባዎቹ በሙሉ ዘቅዝቀው… ፈታሁት። ደግሜ ገልብጬ ሰፋሁት።

ባሌ፣ «ተመሳስሎብሽ ይሆናል። አገሩ ሙሉ ቀጭን ሰው አይደለም እንዴ?»

ይሆን? ቢሆን ይሻለኝ ነበር? አንገት አደፋፉን ግን… እሱን ማን ይመስለዋል?

ጥቅምት 13

ሁለቱንም ለየብቻ ገዛን። ለባሌ ሳሙናዋን፣ ለእኔ ዲስክ የሚበላውን።

ቤት ሰክተን ስናጫውተው ሽቦ የለም! በሩም የለም! አበድኩ እንዴ? ሱቁ ውስጥ ያየሁት ምንድን ነው?

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ከቴሌቪዥናችሁ ነው» አለ ተረጋግቶ። «ሪሞቱ ላይ የምስል መጠን የሚለውን ይክፈቱና ሙሉ የሚለውን ይምረጡ።» ባሌ ተጫነው። ምስሉ ሰብሰብ አለና በሩ ከግራ ብቅ አለ። ሽቦም።

ሪሞቱ ከባሌ እጅ ወደቀ። «ወይ ጉድ! እሱ ነው!» አለ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ «እኔ እኮ እዚያው ነኝ! ሁለት እርምጃ አይሞላም! ጀርባዬን ሰጥቼው እጨፍራለሁ!»

ሪሞቱን አንስቼ ደገምኩት።

ጥቅምት 14

እታለም ጋ ልሂድ? ሄጄስ ምን ልበላት? አሳዳጊዬም አንቺ፣ አታላዬም አንቺ?

ጥቅምት 16

ሄድኩ። እታለም ወደምትሠራበት የልብስ ንጽህና መስጫ ቤት። ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ሰላም እንኳ አላልኳት።

«ሽቦ ሠርጌ ላይ መጥቶ ነበር።»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። «ውሸት ነው» አላለችም። «ማን ነገረሽ?» አላለችም። ሸሚዙ ሸተተ። ሠላሳ ዓመት ስትተኩስ ልብስ አቃጥላ አታውቅም።

«እኔ ነኝ የመለስኩት» አለች።

«ለምን?»

«አባባ ነዋ። ‹እሱ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያኛው እወጣለሁ› አለ። ምን ላድርግ? ሙሽራዋን ያለ አባት ላስቀራት?»

አባባና ሽቦ እንደተኳረፉ አውቅ ነበር። በሥራ ነው፣ ሁለቱም ግትር ናቸው፣ ይታረቃሉ ነው የተባልኩት። አባባ የአውቶቡስ ጋራዥ ኃላፊ፣ ሽቦ ከሥሩ መካኒክ። እታለም የቀረውን ዛሬ ነገረችኝ፣ የተቃጠለውን ሸሚዝ እያጣጠፈች እየፈታች። አባባ አንድ አውቶቡስ ሳያይ «ታይቷል» ብሎ ፈረመ። ፍሬኑ አይሠራም ነበር። ከግንብ ጋር ተጋጨ፣ አንዲት ሴት እግሯን አጣች። መርማሪዎች ሲመጡ ሁሉም አፉን ያዘ። ሽቦ ተናገረ። አባባ ከሥራ ተባረረ።

እኔን «ደከመኝ ብሎ ጡረታ ወጣ» ነበር ያሉኝ! ጡረታውን ብዬ ስጦታ ገዝቼለታለሁ!

አባባ? የኔ አባባ?

«ከሞተ በኋላስ? አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አፍሽን ምን ዘጋው?»

«ሽቦ ነው አትንገሪያት ያለኝ።»

«ምን?»

«በሩ ላይ እንደቆመ። ‹አልመጣም በያት። በእኔ ትናደድ። በሱ ግን ዛሬ አትናደድ› አለኝ።» አፏን በሸሚዙ ሸፈነች። «ዛሬ ነው ያለኝ… ዛሬ ብቻ። ዛሬን አሥራ ስድስት ዓመት ያደረግኳት እኔ ነኝ። ነገ ነገ ስል… ከዚያ ፈራሁ። አንቺንም ላጣሽ መሰለኝ።»

አላቀፍኳትም። አልሰደብኳትም። ወጣሁ። አውቶቡስ መጣ፣ ልሳፈር እግሬን አነሳሁና መለስኩት። በእግሬ ቤት ገባሁ።

ጥቅምት 17

ዛሬ ሰዓቱን እያየሁ አጫወትኩት። ሽቦ ዞሮ የሚሄደው ሠላሳ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ነው። አባባ የሚስቀው ሠላሳ ስምንተኛው ላይ።

አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ያንን ሳቅ ነው እንደ መድኃኒት ስወስደው የኖርኩት። አሁን ምን ላድርገው?

ጥቅምት 19

ቁጥሩን ከእታለም አስላክሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በአራተኛው ጠራ።

«ሃሎ።» ድምፁ ጎርነን ብሏል።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?»

እንዲህ አለኝ! ሰው ካልሞተ በቀር የማልደውልለት እህት ነኝ።

«ማንም አልሞተም። አየሁህ» አልኩት። «ሠርጌ ላይ። በሩ ላይ ቆመህ… አየሁህ።»

«እጅጌው አጭር ነበር አይደል?» አለኝ። «የጓደኛዬ ኮት ነው።»

ከዚያ በኋላ ያወራነውን ልጽፈው አልችልም። አላወራንማ። እሱም እዚያ፣ እኔም እዚህ፣ ስልኩን ይዘን አለቀስን።

ጥቅምት 24

መጣ። ከቀትር በኋላ። በሩን ስከፍት ሌላ ሰው መሰለኝ። ሆድ አውጥቷል፣ ጸጉሩ ሸሽቷል። ባሌ እያቀፈው፣ «ይኼማ ሽቦ አይደለም፣ ምሰሶ ነው!» አለ። እንደዚያ ባይቀልድ ኖሮ በሩ ላይ ደርቀን እንቀር ነበር።

ዲስኩን ደብቄው ነበር። ሻዩን እንደጨረሰ፣ «እስቲ አባባን አሳይኝ» አለኝ። ደነገጥኩ። አባባን? አንተ?

አሳየሁት። አባባ ሳቀ። ሽቦ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ሳቁን ረስቼው ነበር» አለ። «ድገሚው።»

«አትጠላውም?»

«እንዴት ብዬ? ማንኛውም መኪና ሲገባ መጀመሪያ ፍሬኑን እይ ብሎ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው። መርማሪዎቹ ፊት የተናገርኩት የሱን ትምህርት ነው።» ጉልበቱን አሻሸ። «ያን ቀን እሱም ደክሞት ነበር። ሁለት ፈረቃ ሠርቶ። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ፣ እሱ ግን ይህንን አልሰማም።»

ባሌ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ዓይኑን ሊጠርግ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ከበሩ ተመልሰህ የት ሄድክ?» አልኩት።

«የት እሄዳለሁ? ከአዳራሹ ፊት ለፊት ጎማ ቤት ነበር። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ መኪናሽ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ቆንጆ ነበርሽ። በመስኮት እጅሽን ታወዛውዣለሽ።»

ዲስኩን እስከ መጨረሻው ወሰድኩት። መኪናው ሲወጣ፣ እጄ ሲወዛወዝ… ጎማ ቤቱ የለም። ካሜራው ወደዚያ አልዞረም። ሙሉውን የሚያሳይ ማሽን እንኳ ያልተቀረጸውን ከየት ያመጣል?

ሊሄድ ሲል፣ «እታለምን ለምን አልጠራሻትም?» አለ።

«አልቻልኩም።»

«እኔን አሥራ ስድስት ዓመት ቀጣሽ። እሷን ስንት ልትቀጪ ነው? ዕድሜያችን እኮ አይበቃም።»

ኅዳር 2

እታለም መጣች። እኔ አልጠራኋትም፣ ሽቦ እጇን ይዞ አመጣት። ሶፋው ላይ ዳር ይዛ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ሻይ አቀረብኩላት። «ስኳሩ በዝቷል» አለች፣ ሁሌ እንደምትለው።

ይቅር አልኳት? አላውቅም። ዛሬ ግን ብርጭቆውን ከእጇ ስቀበል መዳፏን ያዝኳት… ለመልቀቅ አልቸኮልኩም። ለአሁኑ ይኼው ነው።

ኅዳር 8

መቀስ እጄ ላይ እያለ ስልኩ ጠራ። ሽቦ። ደንግጬ ጨርቁን ጣልኩት።

«ምን ሆንክ?» አልኩ።

«ምንም።»

«እታለም ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

«እንዲሁ ነው» አለኝ። «እንዲሁ ደወልኩ።»

ስለ ምንም ስለ ምንም አወራን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ አንድ መኪናውን ሲያስነሳ ስለሚጸልይ ደንበኛው። ሃያ ደቂቃ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መቀሱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ…

እንዲሁ የሚደውልልኝ ወንድም አለኝ።