ስለ በረኪናው የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን ጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ? እንደ ልብ እየዋጡ፣ እንደ ልብ እያዘዙ እንደሚገኙ በማመን፣ እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለችው ትንሽ ምግብ ቤት ባለቤት፣ ስለ ሰሞኑ መመሪያዎ ላመሰግንዎ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌልዎታለሁ።

1ኛ. ምግብ ቤቶች ትርፍራፊያቸውን በረኪና ሳያፈሱበት ከግቢ እንዳያወጡ በማዘዝዎ፣ የጎዳና ልጆች በየጓሯችን መሰብሰባቸው የከተማዋን ገጽታ ያበላሽ እንደነበር አስተምረውናል። እኔ ጅሏ ገጽታዋን የሚያበላሸው ረሃባቸው ይመስለኝ ነበር። ስለዚህም ከየሳህኑ ከተረፈው አጥንቱንና ስቴኪኒውን ለቅሜ አውጥቼ፣ የቀረውን በንጹሕ ፌስታል ቋጥሬ በጓሮው በር ምስማር ላይ ስሰቅልላቸው ኖሬአለሁ።

2ኛ. ተቆጣጣሪዎ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። እኔ ገበያ በሄድኩበት መጥተው፣ ፌስታሉን አውርደው፣ በረኪናውን በገዛ እጃቸው አፍስሰው፣ ቋጥረው እዚያው ምስማር ላይ መልሰው ሰቅለውልኛል። ለምን አልደፉትም ብዬ ስጠይቃቸው፣ መድፋት የሌላ ክፍል ሥራ መሆኑን በትዕግሥት አስረድተውኛል። በሰው ሥራ ጣልቃ የማይገባ ሠራተኛ ስላለዎት ደስ ይበልዎ።

3ኛ. ልጆቹም እንደ እርስዎ መመሪያ አላቸው። አንድ ጊዜ የተበላሸ ምግብ ትንሹን ልጅ ሊገድለው ደርሶ ስለነበር፣ እታለም የሚሏት ትልቋ ልጅ ሳትቀምስ ማንም እጁን አይሰድም። እሷ ጎርሳ፣ ውጣ፣ ጥቂት ቆይታ «ደህና ነው፣ ብሉ» እስክትል፣ ሌሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ምራቃቸውን እየዋጡ ይጠብቃሉ። ተቆጣጣሪዎ በመጡበት ቀን ሽንኩርቱና ቅመሙ የበረኪናውን ሽታ ሸፍኖት ኖሮ ጎረሰች፤ ቃል ሊወጣት ስላልቻለ ፌስታሉን በእግሯ ደፋችው። ትንሹ ልጅ ምሳዬን ደፋችብኝ ብሎ እያለቀሰ በጡጫ መታት።

ሐኪሙ ጉሮሮዋ መቃጠሉን፣ እንደ ቀድሞዋ መዋጥ መቻል አለመቻሏን ግን ገና እንደማያውቅ ነግሮኛል። እኔ ቤት ተኝታለች። ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ፤ ይህን በትሕትና ቃል ላሳምረው ብሞክር እምቢ አለኝ። አሁን ልጆቹ ከገዛ ድስቴ ጨልፌ ብሰጣቸው እንኳ አይነኩም፤ በመስኮቱ ወደ እሷ እያዩ ቆመው ይጠብቃሉ። ሳህኑን አፍንጫዋ ሥር አደርግላታለሁ፤ አሽትታ ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ ነው የሚበሉት።

4ኛ. ፌስታሉን ዳግም ከሰቀልኩ ፈቃዴን እንደሚነጥቁኝ ስላስጠነቀቁኝ አመሰግናለሁ። ዛሬም ሰቅዬዋለሁ። ወይ መመሪያውን ያንሡልኝ፣ ወይ ምግብ ቤቴን ይዝጉት፤ በረኪናውን ግን እኔ አላፈስም።

ለጤናዎ ዘወትር የምታስብ፣ ጓሮዋ የከተማውን ገጽታ ያበላሸባት፣
የምግብ ቤቷ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ከተማችን በጽዳት ለተሸለመችበት ግብዣ ምሳውን ከእኔ ምግብ ቤት እንዳዘዙ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ፤ ምግቡ በሰዓቱ ይደርሳል። ቀማሽ ቢያስፈልግዎ ግን፣ የእኛዋ ለጊዜው መዋጥ ስለማትችል፣ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው እንዲመድቡ በአክብሮት አሳስባለሁ።