የቀለምንና የዘርን ነገር ሲጠይቁ የኖሩት መምህር ቀንዓ ዋቅቶላ (1949–2006 ዓ.ም.)

መምህር ቀንዓ ዋቅቶላ ከአባታቸው ከኦቦ ዋቅቶላ ሂርጳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባየሽ ዳዲ ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በሐሮ ወንጪ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወደ አምቦ መጥተው፣ አክስታቸው ቤት እየኖሩ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1973 ዓ.ም. በባዮሎጂ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። መጀመሪያ የተመደቡት ጌዶ ነበር። በ1976 ዓ.ም. የደንዲ ተወላጅ ከሆኑት ከወ/ሮ ጊፍቲ ገቢሳ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ደራርቱን፣ ለሊሳንና ናኦሚን ወልደዋል። በ1984 ዓ.ም. ወደ አምቦ ተዛውረው በሕመም ጡረታ እስከወጡ ድረስ እዚሁ አስተማሩ።

በ1985 ዓ.ም. አንድ ቀን በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ስኳር ያለበትን ፈሳሽ የሚለይ ሙከራ ለክፍሉ እያሳዩ ሳለ ማኅሌት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቀይ ሆነ ያሉት እኮ ገና አረንጓዴ ነው» አለች።

መምህር ቀንዓ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዙረው ደጋግመው አዩት። «እውነቷን ነው?» ብለው ክፍሉን ቢጠይቁ ሁሉም አቀረቀረ። ለካ ተማሪዎቹ ከቆየ ጀምሮ ያውቁ ኖሯል፤ ደፍሮ የነገራቸው ግን አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን በኀፍረት ነገሩን ይሸፋፍነው ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ ከገበያ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር ገዝተው መጡና ተማሪውን ሁሉ አንድ በአንድ ክር ማስለየት ጀመሩ። ከ318 ወንዶች አሥራ ሁለቱ እንደሳቸው ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ሆነው ተገኙ። ከ207 ሴቶች አንዲትም አልነበረችም።

ነገሩ በእናት በኩል እንደሚወረስ ከመጽሐፍ ያውቁ ስለነበር ወንጪ ሄደው እናታቸውን ጠየቁ። ወ/ሮ ባየሽም «ወንድሜ እንዳንተው ነበር፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። የቀላውን በርበሬ ልቀም ሲባል እሸቱን ለቅሞ ይመጣል። አባታችን ስንፍና እየመሰለው ይገርፈው ነበር» አሏቸው። ሰው ይዞት በተወለደው ነገር መገረፉ መምህር ቀንዓን ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጫቸው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላስተኛቸውም። እንስሳት ምን ዓይነት ቀለም ያያሉ? መልካቸውስ ለማን እንዲታይ፣ ከማንስ እንዲሰወር ነው? ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ጉደር ወንዝ ሲወርዱ፣ ቅጠል መስላ የተቀመጠችን እስስት ከሁሉም ቀድመው የሚያዩት እሳቸው ነበሩ። ተማሪዎቹ ሲገረሙ «እናንተን ያታለላችሁ አረንጓዴነቷ ነው፤ እኔን ቀለም አያታልለኝም፣ ቅርጿን ነው የማየው» ይሏቸው ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ጊንጪ ገበያ ውስጥ ዓይኑ ላይ ሥጋ የበቀለበት በሬ አዩ። ሰው «ምች መትቶት ነው» አለ። እሳቸው ግን በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ ነጭ መሆኑን በማስታወሻቸው ጻፉ። በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ አገኙ፤ እሱም ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ነበር። ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ከአቶ ታምራት ወሰኑ ጋር ሆነው በጊንጪ፣ በጉደር፣ በአምቦና በአዲስ ዓለም ገበያዎች በአራት ዓመት ውስጥ 1,836 ከብቶች መዘገቡ። የከብቱን መልክ የሚነግሯቸው ወ/ሮ ጊፍቲ ነበሩ። በከብት መካከል ያደጉ ናቸውና «ይሄ ዳልቻ ነው፣ ያቺ ቡሬ ናት፣ ወዲያ ያለው መጋላ ነው» እያሉ ሲያስጽፏቸው፣ ነጋዴው ሊገዙ የመጡ እየመሰለው ዋጋ ይጠራባቸው ነበር። የዓይን ካንሰር ከተገኘባቸው አርባ አንድ ከብቶች ሠላሳ ስድስቱ ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ነበር።

ትውልዳቸውን ሲያጣሩ ግን ያልጠበቁት ነገር መጣ። ከታመሙት ብዙዎቹ የአንድ ኮርማ ዘሮች ነበሩ። ኮርማው ፊቱ ነጭ፣ ቦቃ የሚባል፣ ደንዲ ሁሉ ላሙን የሚያስጠቃበት ሲሆን ባለቤቱ አማታቸው ኦቦ ገቢሳ ነበሩ። ወ/ሮ ጊፍቲ «አባቴን መጀመሪያ ለብቻው ንገረው» ብለው ለምነዋቸው ነበር። መምህር ቀንዓ ዛሬ ነገ ሲሉ፣ በ1996 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ በተደረገ የከብት አርቢዎች ስብሰባ ላይ ግኝታቸውን ሲያስረዱ አንድ ገበሬ ተነሥቶ «ኮርማው የትኛው ነው?» አላቸው። መዋሸት አልሆነላቸውምና ተናገሩ።

ኦቦ ገቢሳ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ልጄን ድሬልህ በአደባባይ ኮርማዬን ትገድላለህ?» አሉና ወጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ እግራቸው የልጃቸውን ደጃፍ አልረገጠም። መምህር ቀንዓ የተናገሩት እውነት አልጸጸታቸውም፤ አስቀድመው ለብቻቸው አለመንገራቸው ግን እስከ መጨረሻው ይጸጽታቸው ነበር። በ1998 ዓ.ም. የኦቦ ገቢሳ ምርጥ የወተት ላም አንድ ዓይኗ በዕጢ ጠፋ። ሽማግሌው በአውቶቡስ አምቦ መጥተው፣ ደጅ ላይ ቆመው «ና፣ በረቴን እይልኝ» አሏቸው። በሳምንቱ ቦቃን አኮላሹት። ጥናቱም በዚያው ዓመት በእንስሳት ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ሲቀርብ ኦቦ ገቢሳ በነጭ ጋቢ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር።

መምህር ቀንዓ በ2004 ዓ.ም. ሕመም ተሰማቸው። አዲስ አበባ የመረመሯቸው ሐኪም «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የታመመ አለ?» ብለው ጠየቋቸው። አባታቸው በአርባ ስድስት ዓመታቸው በ«ሆድ ቁርጠት» ሞተዋል። ታላቅ ወንድማቸውም በ1989 ዓ.ም. እንዲሁ አርፈዋል። መምህር ቀንዓ ከሕክምናው መልስ እንደ ልማዳቸው ማስታወሻቸውን ይዘው ዘመድ መጠየቅ ጀመሩ። የአባት ስም እስከ ሰባት ቤት ሁሉም ይቆጥር ነበር። የአክስቶችን አሟሟት ግን የሚያስታውስ ጠፋ፤ አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው መርዝ ነው ይላል። ሰውነታቸው እየደከመ በበቅሎ ጭምር ከወንጪ እስከ ጉደር ዞረው ሠላሳ አራት ሰው የያዘ የዘር ሐረግ ሠሩ። አሥራ አንዱ በዚሁ ሕመም መሞታቸውን አወቁ።

እህትና ወንድማቸውን ጠርተው ተመርመሩ አሏቸው። ወንድማቸው ኦቦ ጂራ «ሳልታመም ሕመም ፍለጋ አልሄድም!» ብለው ተቆጡ። እህታቸው ወ/ሮ እንግዳወርቅ ግን ሄዱ። አንጀታቸው ውስጥ ገና ወደ ካንሰር ያልተለወጠ ትንሽ ዕጢ ተገኝቶ ወጣላቸው፤ ዛሬ በመካከላችን በጤና ተቀምጠዋል።

መምህር ቀንዓ በመጨረሻ ቀናቸው ቤተሰቡን ሰብስበው «ባደረባቸው ሕመም ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ። ስሙን ጥሩት፤ የሚሰማ ዘመድ አለኝ» አሉ። ስለዚህ ቃላቸውን እንጠብቃለን። መምህር ቀንዓ ዋቅቶላ ከአባት በወረሱት የትልቁ አንጀት ካንሰር በሀገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው፣ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው አርፈዋል። ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ሌላ እህታቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል። የዘር ሐረጉ ቅጂ ከዚህ ወረቀት ጋር ተያይዟል፤ ስሙን ያገኘ ሁሉ ሐኪም ዘንድ ይዞት ይሂድ። ልጆቻቸው ምርመራ ጀምረዋል። ኦቦ ጂራም ትናንት በአስከሬናቸው አጠገብ ሆነው ስልክ አስደውለው፣ ለየካቲት 3 ቀን ቀጠሮ ይዘዋል።

ያልተመለሱላቸውን ጥያቄዎች ይዘው ሁሉን ወደሚያውቀው ጌታ ሄደዋል። እርሱ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያሳርፍ፤ ለወ/ሮ ጊፍቲ፣ ለልጆቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይስጥ፤ ለዘራቸውም ዕድሜ ይጨምር። አሜን።