የታችኛው ካቢንና የሚቀልጠው በረዶ

ማክሰኞ፣ ሜይ 6፤ ከሥራ መልስ

ዛሬም ስብሰባ። ሪችመንድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት። አጀንዳው የቤተሰብ ካምፕ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ። ስለ ምግቡ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ስለ ተራራው አምስት ደቂቃ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ልንገርሽ፤ ሌላ የሚሰማኝ የለም። ኦክቶበር ላይ ካምፑን ልናይ ስንሄድ እዚያ መሬት ከተንቀጠቀጠ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ከታችኛው ማደሪያ ካቢን በላይ ያለው ዳገት ተሰንጥቋል። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቻለሁ። ሰብሳቢያችን ጋሽ መኮንን ደግሞ ማርች ላይ ሄደው በረዶ የለበሰ ዳገት ፎቶ አንስተው መጡ። ስንጥቁ ተደፍኗል ይላሉ። የደፈነው በረዶ ነው። እሱም ይኸው እየቀለጠ ነው።

ዝናብ ከሌለ ምን ያሰጋል አሉ ደግሞ። መሬት የሚናደው በክረምት ብቻ ይመስላቸዋል። ኦክላንድ አፈር ስመረምር ዘጠኝ ዓመቴ፤ ማን ጠይቆኝ። እዚያ የሚያስፈራው ፀሐዩ ነው። በረዶው ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ የላላው አፈር ውስጥ ውስጡን ይርሳል፣ ይከብዳል። ከዚያ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ይወርዳል። ላይወርድም ይችላል። ማንም አያውቅም።

ይህን ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ትንሽ ብናስብበት ነው ያልኩት። አሰብንበት አሉ ጋሽ መ.። ሁሉም ተስማማ። እኔም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8፤ ባርት ባቡር ውስጥ

የመኝታ ድልድሉ ስልካችን ላይ ባለው የወላጆች ግሩፕ ወጣ። ልጆቹ በሙሉ ታችኛው ካቢን፤ ጥሩ ማሞቂያ ስላለው። ልጄ ቤቴልም። ጋሽ መ. ጋ ደወልኩ። ማታ ማታ ትፈራለች፣ ከእኔ ጋ ላይኛው ካቢን ትሁንልኝ ብዬ ዋሸሁ፤ እሱ ከስንጥቁ ራቅ ይላል። ለአንቺማ ምን ችግር አለ አሉ። እፎይ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ቤቴል ድልድሉን ስልኬ ላይ አየችው። «ማሚ፣ ዋይ ጀስት ሚ?» ለምን እኔ ብቻ ማለቷ ነው። እውነቱን ነገርኳት። ከዚያ ታችኛው ካቢን የቀሩትን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ሜሮን፣ ናታን፣ መንትዮቹ፤ አሥራ አንድ ስም። እናቶቻቸው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀች።

ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ። የታጠበ ሰሃን።

ሳምንቱን ሙሉ በጋሽ መ. ስበሳጭ ከረምኩ። እሳቸው እኮ አያውቁም። የማውቀው እኔ ነኝ። አፈርኩ።

እሑድ፣ ሜይ 11፤ ከአምልኮ በኋላ፣ መኪና ውስጥ

ጋሽ መ.ን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ዛሬ ሳላለሳልስ ነገርኳቸው፤ ውሸቴንም ጭምር። ተቆጡ። ሕዝብ አታሸብሪ፣ ልጅሽን አዛውሬልሽ የለ፣ ሌላ ምን ቀረሽ አሉኝ።

ግሩፑ ላይ እየጻፍኩ ነው። ሦስቴ «ለመዳፈር ሳይሆን» ብዬ ጀምሬ ሦስቴም አጠፋሁት። የተረፈው ይኸው፦ ከታችኛው ካቢን በላይ ያለው ዳገት ተሰንጥቋል፣ በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ልጆቻችሁን እዚያ አታስተኙ። እኔ የራሴን ሐሙስ ዕለት አስወጥቻለሁ። ስሜን ከሥሩ ጻፍኩ። ላክሁት።

የሜሮን እናት ቀድማ መለሰች። ከሐሙስ ጀምሮ ነው እንዴ የምታውቂው ትላለች።

ከዚያም በፊት ነው ብዬ እየጻፍኩላት ነው።