በጾሙ የተውኩት ኪኒን

መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 1968

ይድረስ አጅባር ላለሽው ለእታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ሰላምታዬ ተራራውን ተሻግሮ ደጃፍሽ ይድረስ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት አልሆንልኝ አለ። ይኸን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ባለቤቴ ቄስ ቢተው መጻፌን አያውቁም።

በዚያ ክፉ የረሃብ ዘመን ደሴ ሆዴን ቀደው ሲያዋልዱኝ አጠገቤ ነበርሽ። ጡቴ ደርቆ ልጄ በእቅፌ ስታልቅም አብረሽኝ አለቀስሽ። ሐኪሙ ግን ማህፀንሽ ተጎድቷል፣ ሌላ ብታረግዢ ለነፍስሽ እሰጋለሁ ያለኝን ደብቄሽ ነበር።

አምና ከዘማች ተማሪዎቹ ጋር የመጣው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ይኸን ሲሰማ እኔንም ቄሱንም አስቀምጦ መከረን፤ እርግዝና የሚከላከል ኪኒንም ሰጠኝ። ቄሱ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። ኋላ ግን ከፈጣሪ ጋር እኔ እታረቃለሁ፣ አንቺ ብቻ ኑሪልኝ አሉኝ።

በየቀኑ ዋጪ ተብያለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ግን መኝታችን ተለየ፤ ታዲያ ለብቻዬ ለምተኛው ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት። በከንቱ ከሚቀር ብዬ የተረፈውን ለጎረቤቴ ለዘይነባ ሰጠኋት። ብልጥ መሆኔ እኮ ነው! ለፋሲካ አዲስ ተቀብዬ ጀመርኩ፤ በዋጡት ለት የሚጠብቅ መስሎኝ። ድሬሰሩ አሁን ሲሰማ ራሱን ያዘ። አንዴ ካቋረጡት፣ እንደገና ሲጀምሩት ወዲያው አይሠራም አለኝ። ምነው ቀድሞ ቢነግረኝ! እሱስ የከተማ ልጅ፣ በጾም መኝታ እንደሚለይ ከየት ያውቃል?

ይኸው አርግዤ አራት ወር ሆነኝ። ስትቃረቢ ደሴ ውረጂ ብሎኛል፤ እወርዳለሁ። ግን ፊቱን አይቼዋለሁ፣ እታለም። ፈርቻለሁ። ቄሱ በፍልሰታው ሱባዔ ገብተውልኛል። ዘይነባም ዱዓ ታደርግልኛለች፤ ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች።

ስላንቺም ድሬሰሩን ጠይቄው ነበር። ልጅ ሲታጣ ሁልጊዜ ከሴቷ አይደለም፣ ባሏም ይመርመር አለ። መካን እያሉ ስንት ዘመን አሙሽ! ቢሆንም አሁን ለምርመራ አትንከራተቺ።

መንገዱ ሲደርቅ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ነይልኝ። ለአራስ ገንፎ ብለሽ እህል አትሸከሚ። ስትዳሪ እናታችን የሰጠችሽን፣ ከግድግዳ ወርዶ የማያውቀውን አንቀልባ ብቻ ይዘሽ ነይ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ስሙን አንቺ አውጪ።

መድኃኔዓለም ደጅሽን በልጅ ድምፅ ይሙላልሽ። አሚን በይ።

ታናሽሽ