የድንበር ተመላላሿ የወይዘሮ ዙቤይዳ ጀይላን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዙቤይዳ ጀይላን ከአባታቸው ከአቶ ጀይላን አብዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚስራ አደም በ1962 ዓ.ም በጨፋ ሮቢት ተወለዱ። በከሚሴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ከአክስታቸው ልብስ ስፌት ለመዱ። በ1984 ዓ.ም የባቲውን ተወላጅ፣ መካኒኩን አቶ አንዋር ሰዒድን በኒካህ አግብተው ሪድዋንንና ይህን ጽሑፍ የጻፈችውን ሰዒዳን ወለዱ።

በ1991 ዓ.ም አባታችን ሞያሌ ጋራዥ ሲከፍቱ ቤተሰቡ አብሮ ሄደ። ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። ቤታችን በኢትዮጵያ በኩል ነበር፤ እናታችን ሥራ ያገኙት ግን በኬንያ በኩል፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ነው። ለሃያ ዓመት ጠዋት በኬላው ወጥተው ማታ በኬላው ገብተዋል። ኦሮምኛው የእናታቸው ቋንቋ ነውና አልተቸገሩም፤ ስዋሂሊውንም ከደንበኛ ለመዱት። የምሳ ዕቃቸውን በየቀኑ ለሚፈትሽ ጠባቂ፣ «ያው ሽሮ ነው ልጄ፤ ትናንትም ሽሮ ነበር» እያሉ ይከፍቱለት ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም አንድ ሰኞ እንደ ወትሯቸው ሥራ ሄዱ። ማታ ሲመለሱ በወረርሽኙ ምክንያት ኬላው ተዘግቶ ጠበቃቸው። ከመስፊያ ቤቱ እስከ ቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እናታችን ግን ጣቃ ጨርቅ ላይ ተኙ። በየጠዋቱ ኬላው ላይ ይቆማሉ፤ የዚህኛው አገር ጠባቂ ወደዚያኛው፣ የዚያኛው ወደዚህኛው ይመራቸዋል።

አባታችን የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። በሃያኛው ቀን ታመው ወደቁ። እናታችን መታወቂያቸውንና የጋብቻ ወረቀታቸውን ይዘው ለመኑ። ዓይናቸው እያየ ሽንኩርት የጫነ መኪና አለፈ። የኬላው ኃላፊ፣ «ትእዛዝ ነው እማማ፤ ጭነት እንጂ ሰው አያልፍም» አላቸው።

«እንግዲያው ጭነት ብለህ መዝግበኝ» አሉት።

አልመዘገባቸውም። በጫካ በኩል እናሳልፍዎ ያሏቸው ነበሩ፤ «ሃያ ዓመት በፊት ለፊት የገባሁበትን አገሬን በጓሮ አልገባም፤ ቢይዙኝስ አንዋርን ማን ያየዋል?» ብለው እምቢ አሉ። በሃያ ሦስተኛው ቀን አባታችን ሞቱ። ሪድዋን ስልኩን ከፍቶ ጀናዛው አጠገብ ያዘላቸው፤ እርሳቸው ከማዶ ካለው ጉብታ ላይ ቆመው የስግደቱን አራት ተክቢራ አብረው አሉ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሯቸው የኖረውን ሰው ፊት ሳያዩ ቀሩ። ባሏ የሞተባት ሚስት በቤቷ የምትቀመጠውን የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳን፣ የመጀመሪያውን ሃያ ዘጠኝ ቀን በሰው አገር፣ በስፌት መኪና መሐል ተቀመጡ። በሃምሳ ሁለተኛው ቀን አንድ ወረቀት ተፈርሞ አለፉ። በመጀመሪያው ቀን ያልተፈረመው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ዒዳቸውን እንደጨረሱ እንደ እርሳቸው ከሚመላለሱ አርባ አንድ ሰዎች ጋር፣ «የዕለት ሠራተኛ ኬላ ቢዘጋም ወደ ቤቱ ይግባ» የሚል ማመልከቻ ጻፉ። ከአምስት ወር በኋላ የመጣው መልስ «ጉዳዩ የእኛን ክፍል አይመለከትም» የሚል አንድ መስመር ነበር። ማንን እንደሚመለከት አልተጻፈም። ከሚሰፉለት ቤት ቢጠሩም፣ «ያንን በር ዳግም አላይም» ብለው አልተመለሱም።

በ2015 ዓ.ም ወደ ከሚሴ ተመልሰው ስፌት ቤት ከፈቱ፤ ስድስት ሴት ልጆችንም ሙያ አስተማሩ። ዛሬ እዚህ ቆመው የሚያለቅሱት እነርሱ ናቸው።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለአንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም በ56 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ፤ እህታቸው ወይዘሮ ኡምኩልሱም በሕይወት አሉ።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ በጀነት ከባለቤታቸው ጋር ያገናኛቸው። ለቀብር የመጣችሁ ሁሉ፣ ያስቀየሟችሁ ነገር ካለ አውፍ በሏቸው። እርሳቸው ከመሞታቸው በፊት የበደላቸውን ሁሉ፣ የኬላውንም ኃላፊ ጭምር፣ አውፍ ብለዋል። እኛ ልጆቻቸው ግን ገና አላልንም።