ከስድስት ሰው በላይ ስለማይጭነው ማጣቀሻ ቁጥር አሥራ ሁለት

ለተከበሩ የሕክምና መጽሔቱ ዋና አዘጋጅ
ባሉበት

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለፎቶ ኮፒ ቤታችን መስታወት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ነጠላ ሰረዝን ከሩቅ ለይታ የምታውቀው ያቺ ዓይንዎ ደኅና ትሆንልን ዘንድ መላው ቤተሰባችን ይመኛል። እኔ የፎቶ ኮፒ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ በአሥረኛ ክፍል ጉዳይ በሰፈራችን የሚስተካከለኝ የለም። በሆስፒታሉ ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቴ የጻፈችውን፣ እርስዎም ሦስት ጊዜ የመለሱልንን ጥናት የምተይበው እኔ ነኝ።

ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ ምናልባት እስከዚያ ድረስ ስላልዘለቁ ልንገርዎ። ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የሚታከም ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ ማገላበጡን ደግሞ የታማሚው ዘመድ በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለእህቴ ግን ይህ ጽሑፍ የሁለት ዓመት የትምህርት ዕድል ማለት ነው። የሆስፒታሉ የሥልጠና ኮሚቴ በመጪው ሰኞ ይሰበሰባል፤ አመልካች ሁሉ ስሙ በአንድ የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ በምንጭነት ተጠቅሶ እንዲያሳይም ይጠይቃል። እህቴ ከዚህ ቀደም የተሳተፈችው በአንድ ጥናት ብቻ ነው፤ ያንን ጥናት እስከ ዛሬ የጠቀሰ ሰው ቢኖር ራሷ ናት፤ የጠቀሰችውም በዚሁ በመለሱልን ጽሑፍ፣ በማጣቀሻ ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ ስለመለሱልን እናመሰግናለን። በሦስተኛው ገጽ ላይ የዳሌ አጥንታቸው እስኪታይ ድረስ ስለቆሰሉ አንድ ሽማግሌ ተጽፏል። እርስዎ እንደ ሌላው ሰው በዚህ ሳይደነግጡ በቀጥታ ወደ ማጣቀሻው ወርደው፣ ከዓመተ ምሕረቱ ቀጥሎ ድርብ ሰረዝ እንጂ ነጠላ ሰረዝ እንደማይገባ፣ ከድርብ ሰረዙም በኋላ ክፍት ቦታ እንደማይተው በቀይ ጻፉልን። ሽማግሌው ይህን ቢሰሙ ምን ያህል ቀለል ይላቸው እንደነበር እገምታለሁ።

ሁለተኛ፦ ማጣቀሻዎች በጽሑፉ ውስጥ በሚመጡበት ተራ ይቆጠሩ ብለው በማዘዝዎ፣ እህቴ መግቢያው ላይ አንዲት ምንጭ በጨመረች ቁጥር ሁሉም አንድ አንድ ወንበር ወደ ኋላ ይሸጋሸጋሉ። አባታችን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እርሳስ ይዞ «አሥራ አንድ የነበርክ አሥራ ሁለት ላይ ግባ፣ መተላለፊያው ላይ አትቁም» እያለ ሲያሳፍርልን ሰነበተ። ሥራ ከተወ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይተነው አናውቅም፤ ስለዚህ ይህኛው ምስጋና የምር ነው።

ሦስተኛ፦ ወደ ቁጥር አሥራ ሁለት ልምጣ። ያንን የቀድሞ ጥናት የሠሩት ሰባት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ሁለተኛው ምክትላቸው፤ ሦስተኛው ምክትሉ በሌሉ ጊዜ የሚተኳቸው፤ አራተኛው ለታማሚዎቹ ክብደት ሚዛን ያዋሱት ሐኪም፤ አምስተኛው ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉ አንጋፋ ዶክተር፤ ስድስተኛው መረጃው እንደገና ይላክልኝ ብለው ሁለት ጊዜ የጠየቁ የስታትስቲክስ ባለሙያ። ሰባተኛዋ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ታማሚ በእጇ ያገላበጠችው እህቴ ናት። መመሪያዎ ደግሞ ደራሲዎች ከስድስት ከበለጡ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተጽፈው የቀረው «እና ሌሎች» ይባል ስለሚል፣ እህቴ በገዛ ጽሑፏ ራሷን ጠቅሳ ራሷ ሌሎች ሆና አረፈችው። እናታችን መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አየችና «እነዚህ ሌሎች የሚባሉት እነማን ናቸው? ወገቧን ይዛ ስትመጣ የማየው እኮ አንዷን ብቻ ነው» ብላ ጠይቃኛለች፤ ጥያቄውን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

የቦታ ችግር እንዳለብዎ ስለጠረጠርኩ በማስመሪያ ለካሁ። «እና ሌሎች» አሥራ አምስት ሚሊሜትር ይይዛል፤ የእህቴ ስም ከነአባቷ የመጀመሪያ ፊደል አሥራ አንድ ሚሊሜትር ነው። አራት ሚሊሜትር ላተርፍልዎ መሆኔን ባመለክት፣ መመሪያው በሚሊሜትር እንደማይሠራ የሚያስረዳ የሁለት ገጽ መልስ ከነረቂቁ ላኩልኝ። ይህ ሁለተኛው መመለስ ነበር።

ቢቸግረኝ ከስድስቱ አንዱን ለማውረድ ተነሣሁ። ባለ ሚዛኑን ሐኪም ኮሪደር ላይ ይዤ ስነግራቸው «የምን ጥናት?» አሉኝ፤ ስማቸው እንዳለበት ሲሰሙ ግን ፊታቸው በርቶ «እንዲያ ነው እንዴ? በል ሦስት ኮፒ አውጣልኝ፣ አንዱን በቀለም» ብለው አዘዙኝ። አንጋፋው ዶክተር ግን በራቸው ላይ ቆመው በትዕግሥት አዳመጡኝና «ልጄ፣ እኔ ያንን ጥናት አላነበብኩትም፤ ባነበው ኖሮ ልጅቷን ከፊት አደርጋት ነበር» ብለው ስማቸው ይውጣ ሲሉ ፈረሙልኝ። ያ ጥናት የወጣው በዚሁ በእርስዎ መጽሔት ስለሆነ ማረሚያ ላክንልዎ፤ እህቴ ስድስተኛ ሆነች። ማረሚያውን መቀበልዎን ያበሰሩበት ደብዳቤ በዘጠኝ ቀን ደረሰን፤ በዚያው ደብዳቤ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ፣ ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል ከዚህ ቅጽ ጀምሮ የሚጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደራሲዎች ብቻ እንደሆኑ ገልጸውልናል። ረቂቁም ለሦስተኛ ጊዜ አብሮ መጣ።

እህቴ «ተወው በቃ፣ እኔ ታማሚ ይጠብቀኛል» ብላ ጋወኗን አንጠልጥላ ወጣች። እኔ ግን ያን ቀን ደንበኛ ስላልነበረኝ መመሪያዎን ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት፤ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም፣ እርስዎን ጨምሮ። ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ከሰው በቃል የተገኘ መረጃ በማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ እንደማይገባ፣ ይልቁንም የተናጋሪው ሙሉ ስም ከነቀኑ በጽሑፉ መካከል በቅንፍ እንደሚጻፍ፣ የፈቃድ ደብዳቤም እንደሚያያዝ ይናገራል። ሰው ለራሱ መናገሩን አይከለክልም።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት እህቴን ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ከማጣቀሻ አሥራ ሁለት የወሰደችውን ውጤት ጮክ ብላ ለራሷ እንድትነግር አደረግኩ። «ሰምቻለሁ፣ ልድገመው ወይስ ይበቃኛል?» ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች፤ እናታችን በምስክርነት ፈረመች። በዚህ አራተኛ ረቂቅ ማጣቀሻ አሥራ ሁለት ከነተሳፋሪዎቹ ወርዷል፤ በምትኩ በገጽ ሁለት ላይ የእህቴ ስም፣ የአባቷ ስምና የአያቷ ስም ሳይቆረጥ ተጽፎ፣ መረጃውን በቃል ለራሷ መስጠቷ ከነቀኑ ተመልክቷል። እህቴ እህቴን እንድትጠቅሳት የፈቀደችበት ደብዳቤ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ተያይዟል። የክፍሉ ኃላፊ ስማቸው ከናፈቃቸው፣ መጥተው የሚያውቁትን በቃል ቢነግሩን በደስታ እንጽፍላቸዋለን። ከእርስዎ የምንጠብቀው ከሰኞ በፊት የሚደርስ አንድ የቅበላ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የሚመልሱበት ሕግ ከጠፋዎ ደግሞ አይጨነቁ፣ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሰረዝዎ አይዛነፍብዎ፣ ነጥብዎ ከቦታዋ አትጥፋብዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣

የመመሪያዎ ብቸኛ አንባቢ፣
የነርሷ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመመሪያዎ መጨረሻ ላይ የደረደሯቸውን የራስዎን ዘጠኝ ምንጮች አየኋቸው። በአራት ዓይነት አጻጻፍ የተጻፉ ሲሆን፣ አምስተኛው ዓመተ ምሕረት የለውም፣ ስምንተኛው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። በቀይ አርሜ አያይዤዋለሁ። እባክዎ አስተካክለው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ይመልሱልን፤ ያለዚያ መመሪያውን ለመቀበል እንቸገራለን።