የላንድሮቨራችን ሞተር የመጀመሪያ ቀለም

የማርታ አባት፣ የኔ ሰው፣ ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቀድመህ የምትጠይቀኝ የጎረቤታችንን ነውና ከእሳቸው ልጀምር። እትዬ አበበች ጉልበታቸው ተሽሏቸው ያለ ምርኩዝ ገበያ ይወጣሉ። ትንሿ ልጃቸው መንታ ወለደች፤ ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም አልቃሾች። ለቅሷቸውን አጥር አያግደውም።

አሁን ወደ ላንድሮቨርህ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ጓሮ ቆማ ነበር። ማርታ «እንደ ዱሮዋ ትሁን» ብላ ወዳጅህን መካኒኩን ኤርጫፎን አስመጣች። ሞተሩን አውርዶ «ምን ልቀባው? ሰው ሁሉ ብርማ ነው የሚያስቀባው» አለ። ማርታ ከፋብሪካ የወጣበት ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች። ያኔ ክርክራችን ትዝ አለኝ። አንተ ስንገዛት ሞተሯ አረንጓዴ ነበር ትላለህ፣ እኔ ግራጫ። ታመህ ተኝተህ እንኳ «አረንጓዴ» ብለህ ስትስቅብኝ «ግራጫ» ብዬ መልሼልሃለሁ።

ኤርጫፎ የሽቦ ብሩሹን ሲያነሳ ቆይ አልኩት። ብረቱ ድረስ ከላጠው ማናችን ልክ እንደነበርን መቼም አላውቅም። በርጩማ ስቤ በቢላ ራሴ መፋቅ ጀመርኩ። አንተ ሰው! ለመስቀል በራችንን ስናድስ በተረፈው ቀለም «እሷም መስቀልን ታክብር» እያልክ ሞተሩን ትቀባው አልነበር? ጣሳውንስ አይባክን ብዬ የማቀብልህ እኔ አይደለሁ? ሁሉም እዚያው አለ። ከላይ ቡናማው፣ ከሥሩ ሰማያዊው፣ ከዚያ ማርታ የተወለደች ዓመት የቀባነው ቀይ። ከቀዩ ሥር ግራጫ ብቅ አለ። እውነቴን ነው፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ኤርጫፎ ግን «የማርታ እናት፣ አትቸኩይ፤ ዲናሞው የታሰረበትን ብረት ልፍታው፤ ከኋላው የቀለም ብሩሽ አይደርስም» አለ። ሲፈታው ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የእንሰት ቅጠል ጀርባ የመሰለ ቀለም ወጣ። ግራጫውማ የበራችን የመጀመሪያ ቀለም ነው፤ በተጋባን ዓመት ለመስቀል የቀባነው። ጣሳውን ያቀበልኩህ እኔው፣ የረሳሁትም እኔው።

ከዚያ ተመሳሳይ ቀለም ላስበጠብጥ የእንሰት ቅጠል ቆርጬ በባጃጅ ገበያ ሄድኩ። እስክደርስ ጠወለገ። ቀለም ሻጩ «እትዬ፣ ቆጮ ልትጠቀልይበት ነው ወይስ ቀለም ልትገዢበት?» ብሎ ሳቀብኝ። አልተውኩትም፤ በማግስቱ ራሱን ጓሯችን ድረስ አመጣሁት። ሦስቴ በጥብጦ በአራተኛው ገጠመለት። አሁን የቱ አዲስ፣ የቱ አሮጌ እንደሆነ ለይ ብትለኝ አልለይም።

ከእንግዲህ ሳስብህ ክርክሩን አንተ እንደረታህ አድርጌ ነው የማስበው። ለልጅ ልጆቻችንም እንደዚያው ነው የምነግራቸው፣ ቃሌ ነው።

ትናንት ወንድምህ ከሀቢቾ መጥቶ ነበር። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አረንጓዴውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ «ነግሯችሁ አልነበር?» አለኝ።

ነግሮን ነበር አልኩት።